ሐዲድ ላይ የተከፈተ የምሽት ክበብ፦ የአንድ ሞዴል ሥራ ማስታወሻ

መጋቢት 14

የመሠረቱን ሰሌዳ ዛሬ ቆረጥኩ፤ 90 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ነው። በላዩ የሚቆመው፣ መቶ ዓመት ያህል ወደ ፊት ተገፍታ በምትታሰብ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ባንድ በየምሽቱ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚጫወትበት አንድ የሙዚቃ ክበብ ነው። እንዲህ ያለውን የነገ ከተማ ዓለም «ሳይበርፐንክ» ይሉታል፦ ማሽኑ የረቀቀ፣ ነዋሪው ግን ቀዳዳ በመድፈን የሚኖር፣ ሰማዩ በማስታወቂያ መብራት የተጥለቀለቀ፣ ግድግዳው እርስ በርሱ በተያያዘ ሽቦ የተተበተበ ከተማ ነው። የሽቦውን ነገር ለማሰብ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም፤ መጋላ የሚባለው የከተማችን ሰፈር ገብቶ ቀና ብሎ የመብራት ምሰሶ ያየ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ልኬቱን 1፡24 አድርጌዋለሁ። በዚህ ስሌት አንድ ሜትር 41.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 71 ሚሊ ሜትር፣ 14 በ10 ሜትር የሆነው አዳራሽ ደግሞ 58 በ42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ቢያንስ የሙዚቀኛን ጣት መሥራት አይቻልም፤ ከዚህ ቢበልጥ ደግሞ ሥራው ከቤቴ በር አይወጣም።

ክበቡን በመስታወት ፎቅ ውስጥ ላደርገው አልፈለግሁም። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር፤ ተራራው አልደፈር ሲል ግን መሥመሩ በግርጌው እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስም «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ አብራው ተቆረቆረች። ስለዚህ ክበቤ የሚከፈተው በአሮጌ የባቡር መጠገኛ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሐዲዱም ከበሩ ገብቶ፣ የጭፈራውን ወለል ለሁለት ከፍሎ፣ መድረኩ ሥር ይቆማል። መድረኩ ራሱ በሐዲዱ ላይ ቆሞ የቀረ ክፍት የዕቃ ፉርጎ ነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣልኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጋቢት 19

የጣራውን ቆርቆሮ ከካርቶን አወጣሁት። የካርቶንን አንዱን የፊት ወረቀት በውኃ አርሶ በጥንቃቄ ሲልጡት ከሥሩ የታጠፈው ሞገድ ይገለጣል። ይሁንና ካርቶን ሁሉ አንድ አይደለም። የተለመደው የጣራ ቆርቆሮ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ሌላው 76 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለ24 ሲካፈል 3.2 ሚሊ ሜትር ይወጣል። የሳሙናና የዘይት ካርቶን ሞገድ የዚህ ሁለት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከሩቅ ሲያዩት እንኳ ቤቱን የአሻንጉሊት ያስመስለዋል። ቀጭኑ፣ የሞባይል ዕቃ የሚታሸግበት ካርቶን ግን ልክ ነው። ከአሸዋ ሰፈር የንግድ ቤቶች የተጣለ ካርቶን ስለቅም ማስመሪያ ይዤ ሞገድ እለካ ስለ ነበር፣ አንዱ ባለሱቅ ምን እንደምፈልግ ጠይቆኝ ስነግረው ሳይመልስልኝ ቀረ።

ለዝገቱ ቀለም አልተጠቀምኩም። ከብየዳ ቤት ያመጣሁትን የብረት ብናኝ በኮላ ላይ ነስንሼ፣ ሲደርቅ ኮምጣጤና ጨው በብሩሽ ቀባሁበት። በማግሥቱ እውነተኛ ዝገት ሆኖ አደረ። ቀለም እንዲህ ያለውን ጥልቀት ከየት ያመጣል?

መጋቢት 27

ዛሬ ሁለት ቀን የደከምኩበትን ሐዲድ በገዛ እጄ ነቀልኩት።

ጎረቤቴ በባቡር ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ ሆጃ ይጠጣሉ፤ ሥራዬንም ያያሉ፤ አስተያየት ግን አይሰጡም ነበር። ዛሬ ጎንበስ ብለው ሐዲዱን ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «አቦ፣ ይሄ የማነው? የእኛ አይደለም» አሉ።

«ጋሼ፣ ሐዲድ ሐዲድ አይደል እንዴ?» አልኩ፤ ባልለው ይሻል ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ባቡሩ ይህን ቢያገኝ መሐል ላይ ወድቆ ይቀራል» አሉና በሁለት መዳፋቸው ስፋት አሳዩኝ።

ነገሩ እውነት ነው። እኔ የወሰድኩት ልክ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያልፈውንና እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን የአዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ስፋት፣ ማለትም 1,435 ሚሊ ሜትርን ነበር፤ ይህም በእኔ ልኬት 60 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። አሮጌው መሥመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ልክ ስለሆነ፣ 41.7 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። የ18 ሚሊ ሜትር ስሕተት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ አንድ ዕድሜ ሙሉ በዚያ ሐዲድ መሐል ለተራመደ ሰው ግን የሌላ አገር ሐዲድ ነው። ፉርጎውም፣ መድረኩም፣ የመድረኩ ስፋትም አብረው ጠበቡ። ለአምስት ሙዚቀኞች ያሰብኩት ቦታ አሁን የሚበቃው ተጠጋግተው ለሚቆሙ አራት ብቻ ነው። ትከሻ ለትከሻ የሚነካካ ባንድ ግን ዓይን ዓይን እየተያየ ይጫወታልና አልተከፋሁም።

ሚያዝያ 4

ግድግዳዎቹ ቆሙ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሚያዝያ 11

የማስታወቂያ መብራቶቹን በተመለከተ ያገኘሁት መላ ሥራውን ሁሉ አቀለለልኝ። የድሮ የሲዲ ሽፋን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው በመርፌ ጫፍ ፊደል ቢቧጭሩበትና ከጠርዙ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ቢያበሩበት፣ ብርሃኑ በፕላስቲኩ ውስጥ እየተንፀባረቀ ይጓዝና መውጫ የሚያገኘው በተቧጨረው መሥመር ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ፊደሉ ብቻ ይበራል፣ ሌላው ገጽ ጥርት እንዳለ ይቀራል። ሙዚቃ ቤቶች ሲዲ መሸጥ ካቆሙ ወዲህ ባዶ ሽፋን በነጻ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ ዘፈን የያዘው ዕቃ የዘፈን ቤት ሰሌዳ መሆኑም ደስ አሰኝቶኛል። መቧጨሩ ከጀርባ በኩል ስለሆነ ፊደሉ ተገልብጦ መጻፍ አለበት። ይህን ረስቼ የሠራሁትን አንዱን ሰሌዳ አልጣልኩትም፤ በመስኮቱ ላይ ሰቀልኩት፣ የመንገድ ሰሌዳ ከውስጥ ላለ ሰው መቼም ግልብጥ ሆኖ ነው የሚታየው።

ጽሑፎቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪና በዓረብኛ ናቸው፤ ከምድር ባቡሩ ዘመን የተረፈ አንድ የደበዘዘ የፈረንሳይኛ ሰሌዳም ጨምሬያለሁ። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ በድሬዳዋ አንድ የሻይ ጠረጴዛ ላይ ይህን ያህል ቋንቋ መስማት የዕለት ነገር ነው።

ስለ ቀለሙ ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኒዮን የሚባለው ጋዝ በራሱ የሚሰጠው ብርሃን ብርቱካንማ ቀይ ብቻ ነው፤ ሰማያዊው የሚገኘው ከአርጎንና ከጥቂት የሜርኩሪ እንፋሎት ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ክሎድ የኒዮን መብራቱን ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1910፣ ባቡሩ (እ.ኤ.አ. በ1902) ድሬዳዋ ከደረሰ ከ8 ዓመት በኋላ ነው፤ ሁለቱ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በእኔ ከተማ ውስጥ እውነተኛ ኒዮን የሆነው የክበቡ ዋና ሰሌዳ ብቻ ነው፤ እሱም ብርቱካንማ ነው፣ አንድ ፊደሉም ተቃጥሎ ጠፍቷል። የተቀሩት ሁሉ ርካሽ፣ አዲስና የሚያንቧርቁ ናቸው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ምንጩ 5 ቮልት ሲሆን ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ የተረፈው 3 ቮልት ለ15 ሚሊ አምፔር ሲካፈል 200 ኦም ስለሚሰጥ፣ ገበያ ላይ ያለውን ባለ 220 ኦም ሬዚስተር (የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ተጠቀምኩ። ሰማያዊው 3 ቮልት ያህል ስለሚወስድ 150 ኦም ይበቃዋል። 31 ሰሌዳ አገናኘሁ።

ሚያዝያ 23

ሠላሳ አንዱንም አበራኋቸው፤ ወደ ኋላም ሄጄ ተመለከትኩ፤ ከዚያም አዘንኩ።

ያየሁት ያማረ የመብራት ሱቅ ነው። ሰማያዊውና ሐምራዊው ዓይኔን ይዞ መንገዱ ላይ አስቀረው፤ መድረኩን ግን ለማየት መፈለግ ነበረብኝ። የዚህ ዓይነት ከተማ ሥዕሎች ብዙዎቹ ይህ ጉድለት ያለባቸው ይመስለኛል፦ ከተማው ይጮኻል፣ ሰው ግን አይታይም። የሙዚቃ ቤት ደግሞ ሰው ከመንገዱ ግርግር ሸሽቶ የሚገባበት ነው፤ ዓይን መጨረሻ ላይ ማረፍ ያለበት ጣቱ ክር ላይ ባለው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ መንቀል ጀመርኩ። ከሠላሳ አንዱ ዘጠኝ ቀሩ። የሰማያዊዎቹን ሬዚስተር ከ150 ወደ 1,000 ኦም ለወጥኩ፤ የሚያልፍባቸው ኃይል ወደ 2 ሚሊ አምፔር ሲወርድ ከሚጮኽ ሰሌዳነት ወደ ሩቅ ፍም ተለወጡ። በካርቶኑ ግድግዳ ውስጥ አልፎ የሚወጣውን ብርሃን ለማቆም ደግሞ ውስጡን በሲጋራ ፓኬት የብር ወረቀት ለብጬ ጥቁር ቀባሁት። ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ አዲስ መብራት አንድ መመዘኛ አውጥቻለሁ፦ ከበራ በኋላ መድረኩ ይበልጥ ይታያል ወይስ ያንሳል? ካነሰ ይነቀላል።

ግንቦት 2

ጥፋቴን ልጻፍ። የመድረክ ብርሃን ጨረሩ እንዲታይ በአየሩ ውስጥ ጭስ ወይም ጉም ያስፈልገዋል። በአልትራሳውንድ ውኃን ወደ ጉም የምትለውጥ ትንሽ መሣሪያ ገዝቼ ከፉርጎው ሥር አስገባኋት። ለአሥር ደቂቃ ያህል ያየሁት ነገር በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያምር ነበር። በሃያኛው ደቂቃ የኋላው ግድግዳ እንደ እርጥብ እንጀራ ታጠፈ። ጉሙ ጭስ አይደለም፤ ውኃ ነው፤ ካርቶኑም ጠጣው።

ግድግዳውን እንደ ገና ስሠራ ሌላ መላ መጣልኝ፤ የመጣውም ከአልጋዬ ላይ ነው። ነጭ አጎበር ከፊት ብርሃን ካላገኘ በስተኋላው ያለውን ያሳያል፤ ጨረር ከጎን ሲመታው ግን ክሩ ብርሃኑን ይይዘዋል። የተቀደደ አጎበር ቆርጬ ሦስት ንብርብር ከመድረኩ ጀርባና ከጎኑ ወጠርኩ፤ ከላይ አንድ ጠባብ መብራት ለቀቅሁበት። ጨረሩ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ጉም መሰለ፣ የሚረጥብም ነገር የለም። ድሬዳዋ ውስጥ ከወባ ትንኝ ጋር ሲታገል የኖረ ጨርቅ በመጨረሻ መድረክ ላይ ወጣ።

ግንቦት 10

ሙቀቱ ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ ከበረንዳው ቆርቆሮ ሥር ያስቀመጥኩት የጣራ ማዕዘን ተንሸራትቶ አገኘሁት፤ በሙቀት የሚቀልጠው የሙጫ ዘንግ ለስልሶ ነው። የመገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ሙጫ ፍቄ በኮላና በቀጭን ሽቦ ስፌት ተካሁት። ሽቦው ስለሚታይ ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ተውኩት፣ ጥገናው ያልታየ ቤት እዚህ ከተማ ውስጥ ማን ያምነዋል?

ግንቦት 18

ሙዚቀኞቹን እየሠራሁ ነው። አጽማቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ፣ ሥጋቸው የወረቀት ፕላስተርና ኮላ ነው። አራት ናቸው፦ ኡድ የተባለው ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋች፣ ኪቦርዲስት፣ ከበሮ መቺና ዘፋኝ።

ኡዱ ያለ ምክንያት የገባ አይደለም። የድሬዳዋን የሙዚቃ ታሪክ የሚያውቅ ሰው የነገውን መድረክ ሲያስብ ወደ አፍረን ቀሎ መመለሱ አይቀርም፤ በ1950ዎቹ እዚሁ ከተማ የተመሠረተው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ነው። በዚያው በድሬዳዋ የተወለደው ዓሊ ቢራም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ቡድኑን ተቀላቅሎ፣ በ2015 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ስሙ ከኡድና ከዚህች ከተማ ጋር ተያይዞ ኖሯል። የእኔ ኡድ ተጫዋች እሱ አይደለም፤ መልኩንም ለማስመሰል አልሞከርኩም። ነገር ግን መቶ ዓመት አልፎ እንኳ በዚህች ከተማ አንድ ሰው ያን ሆደ ክብ ዕቃ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ይቀመጣል ብዬ አምናለሁ፤ በክንዱ ላይ የብረት መገጣጠሚያ ቢኖረውም።

80 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆነው ኡድ በእኔ ልኬት 33 ሚሊ ሜትር ነው። ሆዱን ከለውዝ ቅርፊት ግማሽ ሠራሁት። ክሩ ከናይሎን ካልሲ የተመዘዘ ነው፤ አራቱን ወጥሬ በአምስተኛው እጄ ደከመ።

ግንቦት 29

መብራቱን ከሙዚቃው ጋር ማስማማት ከሁሉም የከበደኝ ክፍል ነው። በፉርጎው ጠርዝ ዙሪያ አንድ በአንድ የሚታዘዙ 24 ኤልኢዲዎች አሉ፤ የሚያዛቸው አርዱዪኖ የሚባል፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሲሆን፣ ከወለሉ ሥር ከደበቅሁት ትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚወጣውን ሙዚቃ በማይክሮፎን ይሰማል። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ፕሮግራም መብራቱን በአራት እርምጃ የሚያዞር ነበር። ለውጭ አገር የዳንስ ሙዚቃ ልክ ሆነ። ችክችካ ሳጫውትበት ግን መብራቱ አንድ ቦታ፣ ከበሮው ሌላ ቦታ ሆኑ፤ ዘፈኑን የማያውቅ እንግዳ ሠርግ ቤት ገብቶ ሲያጨበጭብ ይመስል ነበር።

ችግሩ ከአቆጣጠሩ ነው። ችክችካ ስድስት ነው፤ ሦስትና ሦስት ሆኖ ይከፈላል፤ ክብደቱም በአንደኛውና በአራተኛው ላይ ያርፋል። ዙሩን ወደ ስድስት እርምጃ ለወጥኩ፣ 24ቱም ለስድስት ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ አራት አራት ሆነው ተሰለፉ። በደቂቃ 120 ከባድ ምት ላለው ዘፈን እያንዳንዱ እርምጃ 167 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። አንደኛውና አራተኛው እርምጃ ሙሉ ብርሃን፣ የተቀሩት ሩብ ያህል ብቻ ናቸው። ከዚህም በላይ አንድ ነገር አደረግሁ፦ ማይክሮፎኑ ድምፅ ባጣ ጊዜ መብራቱ አይዘልም፤ ኡዱ ብቻውን ሲቀር ሁሉም ጠፍቶ ከላይ ያለው አንዱ ጨረር ይቀራል። ዝምታን ማክበር ለፕሮግራሙ የጨመርኩት የመጨረሻ መሥመር ነው፤ እንደ እኔ ግምት ከቀሩት መሥመሮች ሁሉ ይበልጣል።

ሰኔ 6

መብራት ስለሚጠፋ ሥራው በፓወር ባንክ እንዲሠራ ነበር የፈለግሁት። ሃያ አራቱ ኤልኢዲዎች ሁሉም በሙሉ ነጭ ቢበሩ እያንዳንዳቸው እስከ 60 ሚሊ አምፔር፣ በድምሩ 1.44 አምፔር ይወስዳሉ፤ ፓወር ባንኩ ይህን አያጣም። የተቸገርኩት በተቃራኒው ነው። ኡዱ ብቻውን ሲቀርና ሁሉም ሲደበዝዝ የሚወሰደው ኃይል እጅግ ስለሚያንስ፣ ፓወር ባንኩ ስልኩ ሞልቷል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ከዝግጅቱ ሁሉ የሚያምረው ደቂቃ ላይ ክበቡ በሙሉ ይጨልማል። ሻጩ «ዕቃው ጤነኛ ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ እውነቱን ነው፣ ጤነኛ ስለሆነ ነው የሚያጠፋው።

መፍትሔው የመጣው ከሙቀቱ ነው። ለኮምፒውተር የሚሆን ባለ 40 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ኃይልን ያለማቋረጥ ይወስዳል፤ ለ24 ሲባዛ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል የሆነ የወርክሾፕ ቬንትሌተር ይሆናል። በኋላው ግድግዳ ላይ ገጠምኩት። ፓወር ባንኩ ነቅቶ ይቆያል፤ አጎበሩም በነፋሱ በጥቂቱ ስለሚንቀሳቀስ ጉሙ ሕያው ሆነ። ቬንትሌተር የሌለው የድሬዳዋ ምሽት ክበብ መቼም አይታሰብም ነበር፤ እንዴት እስካሁን እንደ ዘነጋሁት አላውቅም።

ሰኔ 13

የውጩን መሬት ጨረስኩ። የዚህ ዓይነት የነገ ከተማ ሲሣል ዝናብ ይዘንብበታል፤ አስፋልቱ ረጥቦ መብራቱን ያንፀባርቃል። የእኛ ከተማ ግን በአቧራና በፀሐይ የምትኖር ናት። ይሁን እንጂ ማታ ማታ ሰው አቧራው እንዲበርድ በደጁ ውኃ ይረጫል፤ እኔም ያብረቀረቀ ቫርኒሽ የቀባሁት በክበቡ በር ፊት ባለች አንዲት መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። ብርቱካንማው ሰሌዳ እዚያች ላይ ብቻ ይታያል።

በመሠረቱ ሰሌዳ ጠርዝ የደቻቱ ወንዝ ይገኛል። አሸዋው ከራሱ ከደቻቱ የመጣ ሲሆን በሻይ ማጥለያ ተነፍቷል፤ በዚህ ልኬት አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት 24 ሚሊ ሜትር ጠጠር ስለምትሆን ሳይነፋ አይሆንም። ወንዙ ደረቅ ነው፤ የሚበዛውን ጊዜ እንዲያ ነውና። በክበቡ የውጭ ግድግዳ ላይ ግን ከሰው ራስ ከፍ ብሎ የሚያልፍ አንድ የጭቃ መሥመር ቀብቻለሁ፤ ምንም ጽሑፍ የለበትም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ከደጋው ወርዶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደውን ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬ ሰው ጽሑፍ አያስፈልገውም። ጎረቤቴ መሥመሩን አይተው እጃቸውን በግድግዳው ቁመት ላይ አስጠጉና ዝም አሉ፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሰኔ 20

ዛሬ ማታ የሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ እኔም ሥራውን በረንዳ ላይ አውጥቼ አበራሁት። ጎረቤቴ ወንበራቸውን ሳቡ፣ ልጆቹም በጉልበታቸው ተንበርክከው ከበቡት። ሁለት ዘፈን አጫወትኩ። ኡዱ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ሲደርስ መብራቱ ጠፍቶ አንዱ ጨረር ቀረ፤ ፓወር ባንኩም አልከዳኝም።

ጎረቤቴ ሐዲዱን ከበሩ እስከ ፉርጎው በጣታቸው ተከትለው፣ «አሁን የእኛ ነው» አሉ። ከልጆቹ አንዷ ግን ፊቷን ከመድረኩ ጠርዝ ሳታነሣ ቆየችና፣ «ከበሮ መቺው ቆሞ ነው እንዴ የሚመታው?» አለችኝ።

አንድ ወር ሙሉ ሳላየው የኖርኩት ነገር ነው፤ ጉልበቱ ታጥፏል፣ ከሥሩ ግን ምንም የለም። 50 ሴንቲ ሜትር ለ24 ሲካፈል 21 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጠርሙስ ቡሽ ቆርጬ በኮላ አስቀመጥኩለት፤ እስኪደርቅ ድረስ ልጅቷ በጣቷ ይዛዋለች።